ጭላዳው ስንት ዓይን አለው?

«ምን በድሎ ነው በአንድ ዓይን የሣልኸው?»

ዞር ስል አንዲት ነጠላ ያጣፉ እናት ቆመዋል። ባዶ ጄሪካን ይዘዋል። እኔ ካቫሌቶ ላይ ነኝ። ከፊቴ፣ ግድግዳው ላይ፣ ወደ ግራ ዞሮ ሣር የሚነጭ ጭላዳ ዝንጀሮ አለ። ጋማው ላይ ብቻ ሦስት ሰዓት ለፍቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ጋማውን እንዲያደንቁልኝ ነበር የጠበቅሁት።

«እማማ፣ በጎን ስለቆመ እኮ ነው። ሌላው ዓይኑ በዚያ በኩል ነው ያለው» አልኋቸው።

«ሰይጣንም ሁልጊዜ በጎን ነው የሚቆም» አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ብሩሼን እንደያዝሁ ደርቄ ቀረሁ። ምክንያቱም ልክ ናቸው።

አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ጎንደር ውስጥ ለእሱ ቀለም እየበጠበጥሁ፣ አቡጀዲ እየወጠርሁ ነው ያደግሁት። መጀመሪያ ያስተማረኝም ይህንኑ ነው። ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች በጎን ይሣላሉ፣ በአንድ ዓይን። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሲሥል በዙሪያቸው 60 አንበሳና 60 ነብር መኖር አለበት። ያን ሁሉ ማን ይሥላል? አጎቴ በቀኝ አራት፣ በግራ አራት አድርጎ ይገላገላል። እነዚያ አንበሶች ግን ሁለት ሁለት ዓይን ነበራቸው። ጻድቁን ያገለገሉ ናቸዋ!

እኔ ያን ትምህርት ከተውሁት ሃያ ዓመት አልፎኛል። ደባርቅ ያሉት እናት ግን አልተዉትም።

ታሪኩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ጊዜው ጥር 2012 ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ። ደባርቅ የሚያስተምር ጓደኛዬ ደወለልኝ። የትምህርት ቤታቸው አጥር ተለስኗል። ወደ አስፋልቱ የዞረው ጎን 40 ሜትር ይሆናል። «ባዶውን ከተውነው ሰው ማስታወቂያ ይለጥፍበታል፣ ካልሆነም ይሸናበታል። የስሜንን ተራራና አውሬ እንሣልበት። ተማሪዎቹ ይሣተፋሉ፣ ሰፈሩም ያግዛል» አለኝ።

«ክፍያውስ?»

«ምሳና ማደሪያ አለ።»

ሄድሁ። ያኔ ጊዜ ነበረኝ። እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ፤ ነበርሁ ማለት ይሻል ይሆናል። የግሮሰሪ በር፣ የፀጉር ቤት መስታወት፣ የአይሱዙ ግንባር ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከዚያ የባነር ማሽን መጣ። እኔ ሦስት ቀን የምሠራውን በሃያ ደቂቃ ያትማል፣ ያውም የሰውዬውን ፎቶ ጨምሮ። እንደ እውነቱ ከሆነ ባነሩ በዓመቱ ይቀደዳል፤ የእኔ ግን... ይሄን ለቅሶ ሌላ ቀን አለቅሰዋለሁ።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ከተማው ውስጥ ነው። ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭ፣ ወደ ጭንቅ የሚወጣ ቱሪስት ሁሉ እዚያ ተመዝግቦ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተመድቦለት ነው የሚያልፈው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የገባ ነው። ከተማው ግን ከፓርኩ አንድም ነገር ግድግዳው ላይ አልነበረውም። ሆቴሎቹ ላይ ካሉት ዋልያዎች በቀር። ከእነዚያ ውስጥ ሁለቱ የእኔ ናቸው። ለዚህም ነው ዋልያ እንደምችል እርግጠኛ የነበርሁት።

ስደርስ መጀመሪያ ልስኑን ነካሁት። እርጥብ ነው። ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ሲሚንቶ ቢያንስ አንድ ወር ካልደረቀ ቀለም ሲቀቡት ይተፋል፤ በዘይት ቀለም ከሆነማ ኖራው ዘይቱን በልቶ ሳሙና ያደርገዋል። ይህን እያወቅሁ ዝም አልሁ። ልጆቹ ብሩሽ ይዘው ተሰልፈዋል፣ ቀለሙ በመዋጮ ተገዝቷል፣ የወላጆች ቀንም ተቆርጧል። በውሃ ቀለም ከሠራን እርጥበቱ ይተነፍሳል ብዬ ራሴን አታለልሁ። ይህ ጥፋት የእኔው ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለልጆቹ ወረቀት አድለን «የስሜንን ተራራ ሣሉ» አልናቸው። ሠላሳውም ልጅ ሦስት ማዕዘን ሣለ። ሦስት ሹል ጫፍ፣ በመሃሉ የምትወጣ ፀሐይ፣ ከሥር እባብ የመሰለ ወንዝ። እኔም በእነሱ ዕድሜ ይህንኑ ነበር የምሥለው። እናንተም እንደዚያው ሳትሆኑ አትቀሩም።

በማግሥቱ መምህሩ ልጆቹን ይዞ ከከተማ ወጣ ወዳለ ገደል አፋፍ ወሰዳቸው። እኔም ተከተልሁ። እዚያ ቆሜ ነው ነገሩ የገባኝ። የስሜን ሰው ተራራውን ሽቅብ አያየውም፤ ቁልቁል ነው የሚያየው። እግርህ ያለበት ሜዳ ነው፣ በግ ይግጥበታል፣ ገብስ ይዘራበታል። ከዚያ ድንገት ምድር ያልቅና ገደል ይሆናል። ከታች አምባ፣ ከአምባው ኋላ ሌላ አምባ። ጫፋቸው ሹል አይደለም፣ በቢላዋ እንደተቆረጠ ዳቦ ጠፍጣፋ ነው። ሲርቁ ደግሞ ቀለማቸው እየሳሳ፣ እየሰማየ ይሄዳል፤ መጨረሻው ከሰማዩ ጋር ይምታታል።

አንዲት ልጅ ገደሉን አይታ፣ ወረቀቷን አይታ፣ «ጋሼ፣ ወንዙን የት ላድርገው?» አለችኝ።

«ይታይሻል?»

«አይታየኝም። ግን ይሰማኛል።»

ወንዝ አልሣልንም። አምስት አምባ ከአምስት ዓይነት ሰማያዊ ሠራን። እያንዳንዱን ለማምጣት የቀደመው ላይ ነጭ እየጨመርን መበጥበጥ ብቻ ነበር። ልጆቹ ይህን እንደ አስማት ነው ያዩት። ቀሪው ግማሽ ቀን አንዱ በሌላው ፊት ላይ ሰማያዊ ሲቀባ አለፈ።

ከዚያ ዋልያው መጣ። ግድግዳውን በጠመኔ በካሬ በካሬ ከፋፍዬ፣ ከስልኬ ላይ ፎቶ እያየሁ ትልቅ ወንድ ዋልያ ነደፍሁ። ቀንዱን አሳመርሁት። ቡናማውን ቀባሁ። ሰዎች እያለፉ «በርታ» ይሉኛል። አንድ ቆብ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ አዛውንት ግን ከመንገዱ ማዶ ተቀምጠው ጥዋት ሙሉ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩ። ሻይ ልጠጣ ስወርድ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ወላሂ ይኸ ፍየል ነው።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሰውዬው የግጭ ሰው ናቸው። ግጭ ፓርኩ ውስጥ የነበረ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ነዋሪው ተነሥቶ እዚሁ ደባርቅ ሰፈረ። መንግሥት ለፓርኩ ሲል ያደረገው ነው፤ በዓመቱ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ወጣ። በዝርዝሩ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ነበር። ይህን ሁሉ መምህሩ ነው የነገረኝ። አዛውንቱ ስለ ዝርዝር አላወሩኝም። ያወሩኝ ስለ ዋልያ ነው።

ከዘራቸውን አንሥተው አስፋልቱ ዳር አቧራ ላይ ሣሉልኝ። ቀንዱ ከግንባር ተነሥቶ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ እንደ ማጭድ። በፊት በኩል ጉጥ ጉጥ አለበት። ግንባሩ ላይ እበጥ ያለ አጥንት አለ፣ ፍየል ይህ የለውም። የወንዱ ጺም ጥቁር ነው። ሆዱ ነጭ፣ እግሩ ላይ ጥቁርና ነጭ ተራ ይገባል። «አንተ ግን ካልሲ የሌለው አደረግኸው» አሉኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶውን አሳየኋቸው። ዓይናቸውን አጥብበው አዩና መለሱልኝ። «ይኸ የኛ አይደለም።»

እውነትም አልነበረም። ያወረድሁት የሌላ አገር የተራራ ፍየል ኖሯል፤ ከሥሩ የተጻፈውን እንግሊዝኛ አላነበብሁትም። ዋልያ ደግሞ በዓለም ላይ ስሜን ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ጥቂት መቶ ቢሆን ነው። ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ ይጠራል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በየሆቴሉ የሌላ አገር ፍየል ስሥል ኖሬ፣ አንድም ሰው ቀና ብሎ «ይኸ ምንድን ነው?» አላለኝም። ወይ ብሎ ይሆናል፣ እኔ ፊት አይደለም እንጂ።

ዋልያውን በነጭ አጥፍቼ እንደገና ሠራሁት። አዛውንቱ ለሦስት ቀን ወንበራቸውን ይዘው እየመጡ ከማዶ አዘዙኝ። «ጭኑን ወፈር አድርገው። ገደል የሚወጣ እኮ ነው!»

እና ወደ ጭላዳው። እማማ ጄሪካናቸውን ሞልተው ሲመለሱ ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ቧንቧ ጋ ደርሶ ነበር መሰለኝ፣ ስድስት ሰባት ሰው ግድግዳው ፊት ቆመ። ልክ እንደ ሽምግልና።

አንድ ገበሬ በቀጥታ ፈረደ። «ጥሩ አድርገሃል! በአንድ ዓይን ተወው። ባለፈው ዓመት የገብሴን ግማሽ የበላው ማን ሆነና?»

«ሣር ነው የሚበላ፣ እግዜር የሰጠውን» አሉ እማማ። ልክ ናቸው፤ ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ሣር ለቅሞ የሚያድር ብቸኛው ነው። ቀኑን ሙሉ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ በጣቶቹ ሲነጭ ይውላል፣ ማታ ገደል ላይ ይተኛል።

«ገብስስ ሣር አይደል?» አለ ገበሬው።

መልስ የለንም።

የግጩ አዛውንት የቤተ ክርስቲያኑ የዓይን ወግ አይመለከታቸውም፤ እስላም ናቸው። የሳቸው ክርክር ሌላ ነው። ጭላዳ ሲቆጣ በጎን አይታይም አሉ። ፊት ለፊት ነው የሚያይህ። ቅንድቡን ወደ ላይ ይስበዋል፣ የዓይኑ ቆብ ነጣ ብሎ ይበራል። ከዚያ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ አፍንጫው ላይ ይለጥፈዋል፣ ጥርሱ እስከ ድዱ ይታያል። ይህን እየተናገሩ ራሳቸው ከንፈራቸውን ገለበጡት። ልጆቹ በሳቅ መሬት ወደቁ። ከዚያ በኋላ ሠላሳውም ልጅ ከንፈር ሲገለብጥ ነው የዋለው።

ገበሬው ግን ሳቁ መሃል አንድ ነገር ተናገረ፤ ሥዕሉን የፈታልኝ እሱ ነው። «ገብስ ሲበላ ስደርስበት አንድ ዓይኑ ገብሱ ላይ ነው፣ አንዱ እኔ ላይ።»

ስለዚህ ሁለት ጭላዳ ሣልሁ። ትልቁን፣ ጋማ የለፋሁበትን፣ አንገቱን አዙሬ ሁለቱንም ዓይኖቹን አወጣሁለት። ከኋላው ደግሞ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በጎኑ የቆመ፣ የገብስ ዛላ አፉ ውስጥ የያዘ ሌላ ጨመርሁ። አንዱ ጻድቅ፣ አንዱ ሌባ። እማማም ገበሬውም የየራሳቸውን አግኝተው ሄዱ።

የትልቁን ጭላዳ ደረት ቀይ ለመቀባት ስነሣ ቀዩ ቀለም አልቋል። አንድ ልጅ ገንዘብ ሰጥቼ ወደ ሱቅ ላክሁ። የቁራ መልክተኛ ሆኖ ቀረ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እግር ኳስ ከሚያሳይ ቤት ነው የተገኘ፣ ቀለሙን አቅፎ። በቁራ ካነሣን አይቀር፣ የስሜን ቁራም ተሥሏል። ምንቃሩ ወፍራም ነው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ቦታ አለው። ያን ነጭ መጀመሪያ ረስቼው አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው ያረመኝ። እንዲያው እዚያ ግድግዳ ላይ ሳልታረም የሠራሁት ሰማዩን ብቻ ነው።

ልጁ እስኪመለስ እማማ አንድ ጣሳ ቀይ አፈር ወንፍተው አመጡልኝ። ቤት የሚቀቡበት ነው። ከነጭ የውሃ ቀለምና ከትንሽ ኮላ ጋር አዋሕጄ፣ በኋላ ከትልቁ ጎን በጨመርኋት ሴት ጭላዳ ደረት ላይ ሞከርሁት። ሴቷም ደረቷ ላይ ያ ቀይ ቦታ አላት፣ ዙሪያውን ጨሌ የሚመስል ነገር ይከበዋል። አፈሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሰጠ። ለወንዱ አይሆንም ብዬ የሱቁን እሳት የመሰለ ቀይ ጠበቅሁ። የመንጋው አውራ ደረቱ ደማቅ ነው፣ ሲሸነፍ ነው የሚደበዝዘው።

ቀይ ቀበሮውን አንዱ የመምህሩ ባልደረባ ሣለው። በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ አብዛኛውም ባሌ ነው ያለ። ስሜን ላይ አንዳንዶች «ዋልጌ» ይሉታል። የመምህሩ ባልደረባ የሣለው ዋልጌ ውሻ ይመስላል፤ ግን ምንም አላልሁም። ፍየል የሣለ ሰው ምን አፍ አለው?

ጅብራውን ልጆቹ ሠሩት፣ አሳምረው። ከሰው ቁመት በላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ያ የደጋ ተክል ለልጅ እጅ የተፈጠረ ነው። ከሥር እንደ ጎመን ሰፊ ቅጠል፣ ከላይ ምሰሶ። ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይደርቃል። ስለዚህ ግማሹን አበባ ያለው፣ ግማሹን ደርቆ የቆመ አደረጉት። ይህን ማንም አልነገራቸውም፤ እንዳዩት ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠብ ተነሣ። ወንዙን «ይሰማኛል» ያለችኝ ልጅ ጥጉ ላይ ሄሊኮፕተር ሣለች። ከሥሩ ውሃ የሚረጭ። መምህራኑ «ይህ አውሬ አይደለም፣ ተራራም አይደለም፣ ይጥፋ» አሉ። እሷ ሙግት አልገጠመችም፣ ብሩሿን ይዛ ዝም ብላ ቆመች። በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ ሲቃጠል የከተማው ሰው ቅጠል እየቆረጠ፣ አፈር እየበተነ ነው እሳቱን የታገለ። ጠፋ ሲባል እንደገና ተነሣ። በኋላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ። ይህን ሁሉ የደባርቅ ልጅ አንጋጦ አይቷል።

አዛውንቱ ከማዶ ተነሥተው መጡ። በነዚያ ሁሉ ቀናት መንገዱን ሲሻገሩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እሳቱ የበላው ጓሳ ሣርና አስታ ዛፍ የግጭ ነው። ሄሊኮፕተሩን ጠጋ ብለው አዩትና ለመምህራኑ «ተዉላት» አሏቸው። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሄሊኮፕተሩ ቀረ።

ሥራው ባለቀ በወር ከምናምን ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ከዚያ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ቱሪስት ጠፋ፣ ጦርነቱ መጣ። እኔም ደባርቅን ረሳኋት ማለት ይቻላል።

ለለቅሶ ነው የተመለስሁት። ከቀብር በኋላ ብቻዬን ወደ ግድግዳው ሄድሁ። የፈራሁት አልቀረም፤ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ ቀለሙን ተፍቶታል። የዋልያው ካልሲ የለም። አዛውንቱ ቢያዩት ምን ይሉኝ ይሆን እያልሁ ማዶውን አየሁ፤ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ ባጃጅ ቆሟል። የአውራው ደረት፣ ያ ከሱቅ የመጣው እሳት ቀይ፣ በደጋው ፀሐይ ነጥቶ የሕፃን ከረሜላ መስሏል። የሴቷ ግን እንዳለ ነው። የእማማ አፈር አንድ ቀን እንኳ አላረጀም። አምባዎቹ ደህና ናቸው። ሄሊኮፕተሩም አለ፣ ከፍ ብሎ ስለተሣለ እጅ አልደረሰበትም።

ሌባው ጭላዳ ጋ ስደርስ ቆምሁ። የገብስ ዛላው አፉ ውስጥ ነው፣ እንደ በፊቱ በጎኑ ቆሟል። አንድ ሰው ግን በከሰል ጉንጩ ላይ፣ ጆሮው ሥር ሊደርስ ምንም ያልቀረው፣ ጠማማ ሁለተኛ ዓይን ሥሎለታል።